ሳይቀመጡበት የማይፈርሙት እትዬ ስንዱ

«ተቀምጬበታለሁ አልኩህ እኮ!»

«መብራት አልነበረማ፣ ማዘር!»

«አንደኛ፣ እናትህ አይደለሁም። ሁለተኛ፣ መብራት ኖረም አልኖረም የተቀመጥኩት ወንበር ላይ ነው። መደገፊያ አለው፣ ክንድ አለው፣ እግር አለው። ምን ልበለው ታዲያ? ላም?»

ብሩክ ፀጉሩን በሁለት እጁ ያዘ። ለቡ መብራት ኃይል የቤት ዕቃ መሸጫ ያለው ወጣት ነጋዴ ነው። ከቻይና የማሳጅ ወንበር አስመጥቶ ኮንቴይነሩ ደረቅ ወደብ ላይ ቆሟል። የቆመው ደግሞ ቢሯችን ውስጥ ወረቀቱን የሚፈርሙት እትዬ ስንዱ አልፈርምም ስላሉ ነው። ጉምሩክ የሚገባው ወረቀት ላይ «ወንበር» ተብሎ ከተጻፈ ዕቃው ከሶፋና ከአልጋ ጋር ይመደብና ቀረጡ ይከብዳል፤ «የማሳጅ መሣሪያ» ከተባለ ይቀላል። እትዬ ስንዱ ናሙናውን ለማየት ሱቁ ድረስ ሄደው ነበር። የሄዱት ግን መብራት በጠፋበት ቀን ነው። መብራት ኃይል በሚባል ሰፈር መብራት ጠፍቶ ጠበቃቸው፤ እሳቸውም ጨለማው ውስጥ ተቀምጠው፣ ተነሥተው፣ «ወንበር ነው» ብለው መጡ።

«እሺ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤» አለ ብሩክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፍሪጅ መብራት ሲጠፋ ቁም ሣጥን ይሆናል?»

«እኛ ሰፈር፣ አዎ።»

ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ብሩክም ሊስቅ አፉን ከፈተና ኮንቴይነሩ ትዝ ሲለው መልሶ ዘጋው። እትዬ ስንዱ ግን አልሳቁም። ጠረጴዛውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉና፣ «ዕቃ እንደገባ ነው የሚታየው» አሉ፤ ዕቃ የሚመደበው አገር ሲገባ በነበረበት ሁኔታ ነው ማለታቸው ነው። ይህን ካሉ ክርክሩ አልቋል ማለት ነው።

«የማልረሳው ሰው» ብሎ የሚጽፍ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሞተ ሰው ይዞ ይመጣል። እንዳትደነግጡ፤ እትዬ ስንዱ አልሞቱም። በቀደም ብስራተ ገብርኤል ታክሲ ሲጠብቁ አይቻቸዋለሁ። ከጎናቸው የቆመችውን ሴትዮ ጃንጥላ ተቀብለው እየከፈቱ እየዘጉ ይመረምሩ ነበር። ሴትዮዋ በዝናብ እየራሰች በትዕግሥት ትጠብቃቸዋለች። የሌሉት እኛ ቢሮ ነው።

ቢሯችን መካኒሳ አቦ አካባቢ፣ ከሱቆች በላይ የሆነ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በጉምሩክ በኩል እንዲያልፍ ወረቀቱን የሚጨርሱ ሰዎች ቢሮ፣ ማለትም የትራንዚተር ቢሮ ነው። ባለቤቱ አቶ ግርማቸው ናቸው፤ ድሮ የጭነት መኪና ነበራቸው፤ ዛሬም ሲቆጡ ገደል አፋፍ ላይ እንዳለ ሹፌር ያያሉ። የማስተላለፍ ፈቃዱ ያለው ግን እትዬ ስንዱ እጅ ነው። ዕቃው ምን እንደሆነ የሚወስኑት፣ የሚፈርሙት፣ ማህተም የሚመቱት እሳቸው ናቸው። የተሳሳተውን አውቀው ከፈረሙ ፈቃዳቸውን ይነጠቃሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸው የቆመው በዚያች ፊርማ ነው። ስለዚህ ፊርማቸውን እንደ ወርቅ ጥርስ ነበር የሚጠብቋት፤ ብዙ አፋቸውን ይከፍታሉ እንጂ እሷን ለማንም አያውሱም።

እኔ እሳቸው የወሰኑትን ኮምፒውተር ላይ አስገባለሁ። ሥራ የጀመርኩ ቀን ከጠረጴዛቸው ተነሥተው መጡና ጭንቅላቴን አንኳኩ። እውነቴን ነው፤ እንደ ሐብሐብ። ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው ሰሙና፣ «ቦታ አለው» ብለው ተመለሱ። እስካሁን ስድብ ይሁን ሙገሳ አላወቅሁም።

ሁሉንም ነገር ያንኳኳሉ። ሰሐን ያንኳኳሉ፣ የሰው መኪና ያንኳኳሉ፣ ቄሱ ቤታቸው ጠበል ሊረጩ ሲመጡ የጠበሉን ዕቃ አንኳኩተው «ነሐስ አይደለም፣ አባ» ማለታቸውን ራሳቸው ነግረውኛል። ማንኳኳት ካልበቃ ያሸታሉ። አንድ ጊዜ የፕላስቲክ አበባ ናሙና መጥቶ አንዱን አበባ አፍንጫቸው ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ፕላስቲክ እኮ ነው፣ እትዬ ስንዱ፤» አሉ አቶ ግርማቸው።

«ሳታሸት እንዴት አወቅህ?»

ሕጋቸው ይኸው ነው፤ ያልተጠቀሙበት ዕቃ ላይ አይፈርሙም። ሲረገጥ ከአውራ ጣቱ በኩል ቦግ የሚል ነጠላ ጫማ የመጣ ጊዜ ቢሮው ለሁለት ተከፈለ። አስመጪው «ባትሪ አለው፣ መብራት ነው» ይላል። እትዬ ስንዱ ጫማውን አድርገው፣ ቦግ እልም፣ ቦግ እልም እያሉ በጨለማው ኮሪደር መጸዳጃ ቤት ደርሰው ተመለሱ። «ጫማ ነው» አሉ። «መብራቱ ጌጥ ነው። መንገድ አያሳይም፤ እኔን ለሰው ያሳያል እንጂ።» አስመጪው ተናዶ ናሙናውን ሳይወስድ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ስንዱ ጠዋት ጠዋት የውጭ ጫማቸውን ጠረጴዛ ሥር አውልቀው ያን ነጠላ ጫማ ያደርጋሉ። እግራቸው ያብጣል።

ለሁሉም ነገር አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ዋና ሥራው ምንድን ነው?» ዕቃ ሁለት ሦስት ነገር ሆኖ ሲመጣ ባሕርዩን የሚሰጠው የትኛው እንደሆነ ይፈለጋል፤ ይህ የሙያው ደንብ ነው። እሳቸው ግን ደንቡን ይዘው ምሳ ቤት ይገባሉ። አንድ የጾም ቀን ፓስታ በእንጀራ አዝዘን፣ ምግቡ ፓስታ ነው ወይስ እንጀራ የሚለውን አነሡ። አቶ ግርማቸው እንጀራ ነው አሉ፤ ትልቁ እሱ ነው። እኔ ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው አልኩ፤ ገጣሚ ነኝና። አስተናጋጇ ሳትቀር ገብታበት ምግቡ ቀዘቀዘ።

«እንጀራው ባይመጣ በሹካ ትበሉት ነበር፤» አሉ በመጨረሻ። «ፓስታው ባይመጣ ባዶ እንጀራ ይዛችሁ ትጮሁ ነበር። ፓስታ ነው። እንጀራው ማንኪያ ነው።»

አስተናጋጇ አጨበጨበች። እኔ እስከ ዛሬ ፓስታ በእንጀራ በበላሁ ቁጥር ማንኪያውን እየበላሁ እንደሆነ ይሰማኛል።

ግጥም እንደምጽፍ ያወቁ ዕለት ደግሞ አልቀረልኝም። ታች ፋርማሲ ስለምትሠራ ልጅ የጻፍኩትን ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጨርሰው የስልኩን መስታወት ኳ አደረጉ።

«ዋና ሥራው ምንድን ነው?»

«እንዴት ማለት?»

«ልጅቷን ማሳየት ነው ወይስ አንተን?»

ስልኬን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጡኝም።

«ስለ ዓይኗ ትጀምርና ወዲያው አንተ ታለቅሳለህ። ስለ ፀጉሯ ትጀምርና አንተ ትታመማለህ። ልጅቷ የት ገባች? ይኼ ግጥም አይደለም፤ መስታወት ነው። መስታወት ብለህ መዝግበው።»

ተናድጄ ከሰዓቱን ሙሉ አላናገርኳቸውም። ቤቴ ገብቼ የማለቅስበትንና የምታመምበትን በሙሉ ሰረዝኩ። የቀረው አጭር ነበር፤ ውስጡ አንዲት ልጅ ቆማ መድኃኒት ትቆጥራለች። ለእትዬ ስንዱ አላሳየኋቸውም። አይገባቸውም ብዬ ሳይሆን ያፌዙብኛል ብዬ ነው።

አቶ ግርማቸው አንድ ቀን፣ «ይኼ ልጅ ግን ሥራው በትክክል ምንድን ነው? ጸሐፊ ነው፣ ተላላኪ ነው፣ ወይስ መስኮት ጠባቂ?» ብለው ጠየቁ። በመስኮት ብዙ አያለሁ፤ ልክ ናቸው። እትዬ ስንዱ ከወንበራቸው ሳይነሡ መለሱላቸው። «ለየትኛውም ምድብ የማይመች ዕቃ ሲመጣ፣ በጣም ወደሚመስለው ዕቃ ይጠጋል። ደንብ ነው። ወንበሩን ወደዚህ አምጡለት።» ጠረጴዛዬ ከእሳቸው ጎን ሆነ። ምኔ እሳቸውን እንደሚመስል ስጠይቃቸው፣ «ሁለታችንንም ሰው አይችለንም» አሉኝ።

ከጎናቸው የተቀመጠ ሰው የበሩን ጣጣ ሁሉ ያያል። የቢሯችን በር እንጨቱ አብጦ እሺ ብሎ አይዘጋም። እጀታውን ሽቅብ አንሥቶ በዳሌ ገፋ ማድረግ ይፈልጋል። ይህን የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰው በወጣ ቁጥር «በሩን!» ይላሉ፤ ሰውየው ይታገላል፣ ያቅተዋል፣ እሳቸው ተነሥተው ይዘጉታል፤ «ወንዶች ናችሁ እንግዲህ» ብለው ይመለሳሉ። ከውስጥ ነው ይህ። ከውጭ ሆኖ የዘጋው ሰው አላየሁም።

ወደ ብሩክ ልመለስ። በፍሪጁ ክርክር ማግስት እትዬ ስንዱ ጠዋት ገቡና ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ፣ «ያ ፍሪጅ እንቅልፍ ነሣኝ» አሉ።

«የቱ ፍሪጅ?» አሉ አቶ ግርማቸው።

«የብሩክ። መብራት ሲጠፋ ቁም ሣጥን አይሆንም። ሥጋው ይበላሻል እንጂ ልብስ አይሰቀልበትም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ተነሥ፣ ገጣሚ። ለቡ እንሂድ።»

ታክሲ ይዘን ሄድን። መብራት አለ። ብሩክ ሲያየን ተጠራጠረ፤ ከዚያ ናሙናውን ሰካው። እትዬ ስንዱ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ወንበሩ አጉረምርሞ ተነሣ። መጀመሪያ ትከሻቸውን ነካ፤ ዞር ብለው ማን እንደሆነ ለማየት ሞከሩ። ቀጥሎ ወገባቸውን። ከዚያ ባታቸውን ከሁለቱም በኩል ጥርቅም አድርጎ ሲይዛቸው፣ «ያዘኝ! ኧረ ያዘኝ!» ብለው ጮኹ። ሻርፓቸው ወደቀ። ሊያወጧቸው የሮጡትን የሱቁን ሠራተኞች ግን በእጃቸው ከለከሉ።

«ተ-ተ-ተዉኝ! እ-እየሠራሁ ነው!»

ድምፃቸው ኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ ጋሪ ይንቀጠቀጣል። ወንበሩ እስኪጨርስ አልተነሡም። ሲያበቃ ሻርፓቸውን አንሥተው፣ አራግፈው፣ መልሰው አሰሩ።

«ማሽን ነው፤» አሉ። «ተሳስቻለሁ።»

ብሩክ ደስታው ጣሪያ ነካ። «ይኸው! ሰማችሁ? ማዘር ተሳስቻለሁ አሉ!»

«ይሰሙ። ስሳሳት ጮክ ብዬ ነበር፣ ሳርመውም ጮክ ብዬ ነው።» ቀጥለውም ለእኔ ብቻ እንደሚናገሩ፣ «ዕቃ እንደገባ ይታያል ማለት፣ እኔ እንደገባሁ ይታያል ማለት አይደለም። እኔ በጨለማ ገባሁ፤ ዕቃው ምን አደረገ?» አሉ።

ቢሮ ስንመለስ ያንኑ ለአቶ ግርማቸው ነገሩ። ለሂሳብ ሠራተኛዋ ነገሩ። ከኮሪደሩ ማዶ ላለው የልብስ ስፌት ቤት ሳይቀር ሄደው ነገሩ፤ ባለፈው «ወንበር ነው» ብለው ለእነሱም አውርተው ስለነበር። ፈረሙ፤ ማህተም መቱ፤ ኮንቴይነሩ ወጣ። ብሩክ ሙዝ ይዞ መጥቶ አመሰገናቸው። ሙዙንም አንኳኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን አልጽፍም ነበር። ብሩክ ገበያው አማረለት መሰለኝ፣ ሁለተኛ ኮንቴይነር አስመጣ። በዚህኛው ብልህ ሆኖ ናሙናውን ቢሯችን ድረስ አሸክሞ አመጣው። ያው ጥቁር ቆዳ፣ ያው ሰፊ ክንድ፣ የሪሞት ማስቀመጫ ኪሷ እንኳን አለች። እትዬ ስንዱ ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ቦግ እልም እያሉ ዞሩት። ተቀመጡ።

«ገጣሚ፣ ሰካው።»

ተንበርክኬ ፈለግሁ። «ገመድ የለውም፣ እትዬ።»

መደገፊያውን አንኳኩ። ድም አለ፤ ባዶ ነው።

«ሞተሩ በኋላ ይመጣል፤» አለ ብሩክ፤ ዓይኑ ግን መስኮቱ ላይ ነበር። «እዚህ ነው የሚገጠመው። ስለዚህ ያው ማሳጅ ነው። እንደ ባለፈው ይጻፉልኝ።»

«መቼ ይመጣል?»

«በቃ… በኋላ።»

«ሲመጣ ማሽን እንለዋለን። ዛሬ የገባው ወንበር ነው። ዕቃ እንደገባ ነው የሚታየው።»

«ባለፈውም እንደዚሁ ብለው ነበር እኮ!»

አቶ ግርማቸው ከጠረጴዛቸው ተነሥተው መጡ። ብሩክ ትልቁ ደንበኛቸው ሆኗል፤ ሁለት ዘመዶቹንም አምጥቶላቸዋል። «እትዬ ስንዱ፤» አሉ ለስለስ ብለው፣ «ባለፈው ተሳስቻለሁ ብለው ለሠፈሩ ሁሉ ነገሩ። ዛሬም ቢሳሳቱስ? ይህን ሰው ሁለት ጊዜ ልናንገላታው ነው?»

እትዬ ስንዱ ባዶው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩዋቸው። ፊታቸው እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም፤ ያልተቆጣ ፊት ነው፤ ያፈረ ነው የሚመስለው፤ ግን በራሳቸው አይደለም።

«ግርማቸው፣ ስህተቴን የነገርኩህ መልሰህ እንድትሸጥልኝ ነው?»

«እኔ ያልኩት—»

«እሺ። ና፣ ተቀመጥ።» ተነሡላቸው። «ማሳጅ ካደረገህ እፈርማለሁ። ገጣሚው ይመስክር።»

አቶ ግርማቸው እኛን አዩ፤ ብሩክን አዩ። ኮታቸውን ቆልፈው ተቀመጡ። ሁላችንም ጠበቅን፤ ከኮሪደሩ ማዶ የስፌት ማሽኑ ሲሄድ ይሰማል። አቶ ግርማቸው ትንሽ ወደ ኋላ ተለጠጡ። ትንሽ ወደ ፊት መጡ። እጃቸውን ክንዱ ላይ አሳረፉ።

«ነካህ?» አሉ እትዬ ስንዱ።

«ይመቻል።»

«ይመቻል የሚባለው ለወንበር ነው።»

የሂሳብ ሠራተኛዋ አፏን በእጇ ያዘች። እኔም ልስቅ ነበር። ግን አቶ ግርማቸው ቀልተዋል፤ በሠራተኛ ፊት፣ በደንበኛ ፊት፣ ገመድ በሌለው ወንበር ላይ። ከዚያው ሳይነሡ፣

«ካልፈረሙ ሌላ የሚፈርም አመጣለሁ፤» አሉ። «ፈቃድ ያለው እርስዎ ብቻ አይደሉም።»

ማንም የሳቀ የለም። ብሩክ እንኳን፣ «ኧረ ጋሼ፣ እዚህ ድረስ አይደለም» አለ፤ የሰማው ግን የለም። ቢፈርሙ ፈቃዳቸው አደጋ ላይ ነው፤ ባይፈርሙ ሥራቸው። እትዬ ስንዱ ሲያስቡ እንኳን አልታዩም። ወደ ጠረጴዛቸው መጡ፤ ከጎኔ። ማህተማቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠርገው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ምሳ ዕቃቸውን አንሥተው ወዘወዙት፤ ገና ሙሉ ነው። የውጭ ጫማቸውን ከጠረጴዛው ሥር አውጥተው በላስቲክ ጠቀለሉ፤ እግራቸው ስላበጠ መሰለኝ፣ ሊያደርጉት አልሞከሩም።

«እትዬ፣» አልኩ፣ «ቆይ እስቲ—»

«አንተ መስኮትህን ጠብቅ፤» አሉኝ። «የፋርማሲዋን ልጅ ስትጽፋት ደግሞ ጫማዋንም አትርሳ። ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው።»

ለካ ያላሳየኋቸውን ግጥም አንብበውታል። መቼ እንደሆነ እንጃ።

በአቶ ግርማቸው በኩል ሲያልፉ ቆም አሉ። የወንበሩን መደገፊያ በጣታቸው አንጓ አንኳኩ፤ አቶ ግርማቸው ከነኮታቸው አስተጋቡ። እትዬ ስንዱ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው አለፉ።

«በሩን ይተዉት፣ ክፍት ይሁን፤» አሉ አቶ ግርማቸው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ሲበርድልዎ ይመለሳሉ።»

ኮሪደሩ እንደ ሁልጊዜው ጨለማ ነው። ነጠላ ጫማቸው ደፉን ሲሻገር ቦግ አለ። ከውጭ ሆነው እጀታውን ያዙ፤ ሽቅብ ሲያነሡት እንጨቱ ሲጢጥ አለ፤ በዳሌያቸው ገፋ አደረጉትና በሩ፣ አንዲት ቀጭን ብርሃን ሳያስቀር፣ ግጥም ብሎ ተዘጋ።